ከላይ ሲታይ ደን፣ ከሥር ሲታይ ራቁት መሬት

ስልካችሁን አውጡና ጎግል ማፕን ክፈቱ። «ሳተላይት» የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ እንጦጦን ፈልጉ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋው ጥቁር አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሳያመነታ «ደን ነዋ!» ይላል። ኮምፒውተርም የሚለው እንደዚያው ነው። እግራችሁ ወደዚያ ወስዷችሁ የሚያውቅ ከሆነ ግን ዛፎቹ ሥር ያለውን መሬት አስታውሱ። አብዛኛው ባህር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ሳር እንደልብ አይበቅልም። የረገፈውን ቅጠል ደግሞ እናቶች ጠርገው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ለእንጀራ መጋገሪያ ወደ ከተማ ሲያወርዱት ስንት ዘመናቸው። ብዙ ቦታ ላይ የሚቀረው የተራቆተ ቀይ አፈር ነው።

ዛፉ ዝናቡን ያቆመዋል ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ከረጅም ዛፍ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ የሚወርድ ጠብታ ከመደበኛው የዝናብ ጠብታ ሊተልቅ ይችላል፤ መሬት እስኪደርስም ፍጥነቱን መልሶ ያገኛል። አፈሩን ከዚህ ምት የሚያድነው መሬት ላይ የተነጠፈው ቅጠልና ሳር ነው። እሱ ከተጠረገ ከላይ ያለው አረንጓዴ ለአፈሩ ብዙም አይፈይድም።

ይህን ያነሳሁት እንጦጦን ለማማት አይደለም። ሥራዬ ካርታ ነው፤ መሬትን ከላይ እያየን «ይሄ ደን፣ ይሄ እርሻ፣ ይሄ ሳር፣ ይሄ ቁጥቋጦ» እያልን ስም እናወጣለን። በሙያው ቋንቋ የመሬት ሽፋን ምደባ ይባላል። አሰልቺ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አገር በየዓመቱ ስንት ቶን አፈር ታጥቦ ይሄዳል፣ የቱ ወረዳ ይብሳል፣ እርከን የት ይሠራ የሚሉ ጥያቄዎች መልሳቸው በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህች ስም ማውጣት ላይ ነው። እንዴት? ላሳያችሁ።

የአፈር መሸርሸርን ለመገመት በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ቀመር የመጣው ከአሜሪካ ነው። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በየግዛቱ ከነበሩ ትናንሽ የሙከራ ማሳዎች የተሰበሰበውን ልኬት አንድ ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተሙት፣ በ1978 አሻሻሉት። አምስት ቁጥሮችን ማባዛት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። አንዱ ስለ ዝናቡ ኃይል፣ አንዱ ስለ አፈሩ ዓይነት፣ አንዱ ስለ ተዳፋቱ፣ አንዱ መሬቱን ስለ ሸፈነው ነገር፣ የመጨረሻው ደግሞ ስለ አስተራረስና ስለ ጥበቃ ሥራ ይናገራል።

የአሜሪካ ቁጥር ግን ለጎጃም አይሆንም። እዚህ ላይ ሃንስ ሁርኒ የሚባል የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ይመጣል፤ በ1970ዎቹ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሲጀመር በአገሪቱ የተለያዩ ቦታዎች ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ ማይባር በወሎ፣ አንዲት ጥድ በሰሜን ሸዋ፣ አንጀኒ በጎጃም፣ ጉኑኖ በወላይታ፣ ሁንዴ ላፍቶ በሐረርጌ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከማሳው የወረደውን ጎርፍና ጭቃ በገንዳ እየያዙ ይለኩ ነበር። ሁርኒም በ1985 ቀመሩን ለኢትዮጵያ አስተካክሎ አወጣው። እስከ ዛሬ ድረስ የአገራችን ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠሩ የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው።

አሁን ካልኩሌተር ክፈቱ። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝ ቦታ እንውሰድ። በሁርኒ ስሌት የዝናቡ ቁጥር የሚገኘው 1,400ን በ0.562 አባዝቶ 8.12 በመቀነስ ነው፤ ወደ 779 ይመጣል። አፈሩ ቀይ ከሆነ ቁጥሩ 0.25 ነው። ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ ማለትም 10 ሜትር ስትሄዱ 1 ሜትር የሚያስወርድ፣ ርዝመቱም 20 ሜትር ከሆነ ቁጥሩ ድፍን 1 ነው። እስካሁን ያለውን ስታባዙት 195 አካባቢ ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የሽፋኑ ቁጥር ነው። ጥቅጥቅ ላለ ደን 0.001፣ ጥቅጥቅ ላለ ሳር 0.01፣ ለተጎሳቆለ ሳር 0.05፣ ለበቆሎና ለማሽላ 0.10፣ ለሌላው ብርዕና አገዳ እንዲሁም ለጥራጥሬ 0.15፣ ለጤፍ 0.25፣ ታርሶ ባዶውን ለተቀመጠ መሬት 0.60። ገበሬው ተዳፋቱን አግድም ካረሰ ደግሞ በ0.9 ይባዛል።

ውጤቱ ይኸው። ማሳው ጤፍ ከሆነ ከአንድ ሄክታር በዓመት ወደ 44 ቶን አፈር ይሄዳል። በቆሎ ከሆነ 17 ቶን ተኩል። ጥቅጥቅ ያለ ሳር ከሆነ 2 ቶን እንኳ አይሞላም። ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው ካላችሁ ደግሞ 195 ኪሎ፣ ሁለት ኩንታል ገደማ። ዝናቡ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ተዳፋቱም ያው። የጤፉንና የደኑን ውጤት ከ200 ጊዜ በላይ ያራራቀው፣ ከአስተራረሷ ጥቂት በስተቀር፣ የሰጠነው ስም ነው።

44 ቶን በኩንታል 440 ነው። ከአንድ ሄክታር የሚገኘው የጤፍ ምርት በአማካይ ከ20 ኩንታል ብዙም አይዘልም። ወደ 20 የሚጠጋ ኩንታል ጎተራ ሲገባ 440 ኩንታል አፈር ወደ ወንዝ አቅጣጫ ጉዞ ጀመረ ማለት ነው። ቁጥሩ የተጋነነ ከመሰላችሁ፣ ሁርኒ ራሱ ለኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ያስቀመጠው አማካይ ግምት በሄክታር 42 ቶን ነው። ተፈጥሮ በበኩሏ መልሳ የምትሠራው አፈር እንደየቦታው በዓመት ከ2 እስከ 22 ቶን ነው ይላል እሱው። ሂሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ጤፍ ለምን እንዲህ ሆነ? ጥፋቱ የእህሉ አይደለም፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነው። ደቃቅ ፍሬ ደቃቅ አፈር ይፈልጋል። ገበሬው ሦስቴ፣ አራቴ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እየደጋገመ አርሶ ያለሰልሰዋል፤ በብዙ ቦታ ከመዝራቱ በፊት በከብት ያስረግጠዋል። ዝናቡ በሰኔ ይገባል፤ ጤፉ ግን በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አገር የሚዘራው ሐምሌ ውስጥ ነው። እንግዲህ ዝናቡ ሲበረታ መሬቱ ለስልሶ፣ ራቁቱን ተሰጥቶ ነው የሚጠብቀው። የምርምር ጣቢያዎቹ ልኬትም ወንዞች በጣም የሚደፈርሱት በክረምቱ መጀመሪያ አካባቢ መሆኑን ደጋግሞ አሳይቷል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጤፉ መሬቱን ሲሸፍን አብዛኛው ነገር አልፏል።

ታዲያ ካርታዎቻችን ይህን ያያሉ ወይ? ወደ ክርክሬ መጣሁ።

የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ዓለምን በሙሉ በ10 ሜትር ጥራት የሚሸፍን፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው ካርታ አለው። የ2021ዱ እትም ዓለምን በ11 ስሞች ይከፍላል። ጎግልም በየጊዜው ራሱን የሚያድስ የራሱ ካርታ አለው፤ እሱ 9 ስሞች ነው ያሉት። ሁለቱም ድንቅ ሥራዎች ናቸው፣ በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን በሁለቱም ላይ ጤፍም፣ በቆሎም፣ ዳጉሳም፣ ሽምብራም አንድ ስም ነው ያላቸው፦ «እርሻ»። የተፈጥሮ ደንም፣ የቤተ ክርስቲያን አፀድም፣ የባህር ዛፍ ተክልም አንድ ስም ነው፦ «ዛፍ»።

አንድ ተማሪ ይህን ካርታ አውርዶ ለ«እርሻ» በሙሉ 0.15 ይሰጣል እንበል። በላይኛው ምሳሌያችን ማሳው 26 ቶን ይወጣለታል። ለጤፉ ማሳ ግምቱ በ40 በመቶ ያነሰ ነው፤ ለበቆሎው ደግሞ በ50 በመቶ የበዛ። በአማካይ ሲታይ ልክ ሊመስል ይችላል። አማካዩ ልክ መሆኑ ግን ጤፍ በሚበዛበት ወረዳ ላለ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል? ካርታው ላይ የእሱ ቀበሌ «መካከለኛ» ተብላ በቢጫ ትቀባለች፤ እርከኑ «ከፍተኛ» ወደተባለው ይሄዳል።

ካርታው ራሱ የሚሳሳትበት መጠንም አለ። የአውሮፓው የ2021 ካርታ አጠቃላይ ትክክለኛነት 76.7 በመቶ ነው ተብሎ በይፋ ተገልጿል። መጥፎ አይደለም፤ ግን ከአራት ነጥብ አንዱ ገደማ የሌላ ሰው ስም ይዟል።

ከስሙ ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ደግሞ ቀኑ ነው። ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ በላያችን ያልፋሉ። ግን ክረምት ነው፣ ደመና ነው። ሐምሌ ላይ የሰሜን ምዕራብ ደጋን ምስል ብትከፍቱ ጥጥ የተነጠፈ ይመስላችኋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ጥርት ያለ ሰማይ ፍለጋ የታኅሣሥና የጥር ምስል ይወስዳል። አፈር የሚታጠበው በሐምሌ፣ ፎቶ የሚነሳው በጥር። ጎርፍ ገብቶበት የነበረን ቤት ከስድስት ወር በኋላ፣ ከደረቀና ከታጠበ በኋላ ሄዶ እንደማየት ነው።

በጥር ምስል ላይ የታጨደ ጤፍ፣ የታጨደ ገብስና ከብት የጋጠው ሳር ሁሉም ያው ገለባ ቀለም ነው። በጥር «ባዶ መሬት» የተባለው ግጦሽ በሐምሌ ጨፌ ሆኖ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በመረሬ አፈር ላይ ገበሬው ክረምቱን ውሃ ስለሚያቁር መሬቱን አርሶ ይተወዋል፤ ዝናቡ ሲወጣ፣ መስከረም አካባቢ፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። ክረምቱን ሙሉ 0.60 የነበረው ማሳ በኅዳር ምስል ላይ ለምለም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ኮምፒውተሩ «እሰይ፣ የተሸፈነ መሬት» ይላል። (መረሬ ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ እንደ ተዳፋቱ አይከፋም፤ ቢሆንም።)

ለዚህ መላ የለውም ማለት አይደለም። ሴንቲኔል አንድ የሚባለው ሳተላይት የሚሠራው በራዳር ነው፤ ደመናን ሰንጥቆ ያያል። የታረሰ ሻካራ መሬትና ሰብል የያዘ መሬት የራዳር ሞገድን የሚመልሱት ለየቅል ነው። ከአንድ ቀን ምስል ይልቅ የዓመቱን ምስሎች በተከታታይ ማየትም ብዙ ይረዳል፤ ምክንያቱም ጤፍና በቆሎ የሚያረንጓድዱበት ጊዜ አንድ አይደለም። ሥራው ግን በዛ ይላል፣ ኢንተርኔትም ይበላል። ስለዚህ ብዙው ሰው የጥሯን አንድ ምስል ይዞ ይቀመጣል።

ከዓመት ዓመትም መሬቱ ስሙን ይቀይራል። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማን ያየ ያውቀዋል። ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ለከሰል ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ይገባል። ቀጥሎ በዛፎቹ መሀል ሳር ይበቅላል፣ ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው፣ በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና መሬቱ እንደገና ይታረሳል። ያ አንድ ማሳ በአምስት ዓመት ውስጥ እርሻም፣ ሳርም፣ ደንም ሆኗል። ለገበሬው ጥሩ ገቢ ነው፤ ዛፉ በቆመባቸው ዓመታትም አፈሩ በየዓመቱ ከመታረስ ማረፉ አይካድም። ነገር ግን ዛፉ በሦስተኛ ዓመቱ ላይ እያለ የተነሳ ምስል «ደን» ብሎ 0.001 ከሰጠው፣ በአንድ እግሩ የቆመ ቁጥር ነው።

አንድ ስሙን የማልጠራው ፕሮጀክት በሚሠራበት ተፋሰስ «የአፈር መሸርሸር በከፍተኛ መጠን ቀነሰ» የሚል ሪፖርት ሲያቀርብ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ማስረጃው ሁለት ካርታ ነበር፤ የፊተኛው ላይ ዛፍ ትንሽ፣ የኋለኛው ላይ ዛፍ ብዙ። የጨመረው ዛፍ ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። በአብዛኛው የገበሬዎች ባህር ዛፍ ነው ተባልኩ። ቀመሩ ውስጥ የገባው ግን የጥቅጥቅ ደን ቁጥር ነው። ሰው አጨበጨበ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ወጣን።

ኮምፒውተሩን መውቀስ አይቻልም፤ የሚያውቀው ያስተማሩትን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ስክሪን ላይ ተቀምጦ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን «ይሄ እርሻ፣ ይሄ ሳር» እያለ ይሰይማል። ፕሮግራሙ የየነጥቡን ቀለም፣ ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ጨምሮ፣ ያጠናና የቀረውን አገር በዚያ መንገድ ይሰይማል። በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ራንደም ፎረስት ይባላል፤ ወደ አማርኛ ስትመልሱት «የዘፈቀደ ደን» መሆኑ ሁሌም ያስቀኛል። የመጀመሪያዎቹን ነጥቦች የሚሰይመው ሰው አዲስ አበባ ወይም ቪየና ቢሮ ተቀምጦ ከላይ ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ እንጦጦን «ደን» ብሎ ያስተምራል። በቃ።

ለማረጋገጫ የታተመ ካርታ ይዤ ጎጃም ውስጥ አንድ ተዳፋት ላይ ቆሜ ሳለ አንድ አዛውንት ገበሬ ጠጋ ብለው «ምን ትፈልጋለህ ልጄ?» አሉኝ። ካርታው «ግጦሽ» የሚለውን ቦታ አሳየኋቸው። «ይሄ እኮ ግጦሽ አይደለም፤ ያደረ መሬት ነው። ዘንድሮ አሳርፌው ነው እንጂ ለከርሞ ዳጉሳ ይገባበታል» አሉ። «ያኛውስ አባቴ?» አልኩ ካርታው «ባዶ መሬት» ወዳለው ድንጋያማ ማሳ እየጠቆምኩ። ሳቁ። ድንጋዩን ሆን ብለው እንዳልለቀሙት፣ ሲነሳ ጎርፉ አፈሩን ይዞት እንደሚሄድ ነገሩኝ። ሁርኒም ይህን ያውቀው ነበር፤ ድንጋይ ላለበበት ማሳ ቀመሩ ውስጥ የሚቀንስ ቁጥር አስቀምጧል። ከሳተላይት ግን ያ ማሳ የተራቆተ መሬት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ግድ ይለናል? በየዓመቱ በበጋው ወራት ገበሬዎች ለተፋሰስ ሥራ ያለክፍያ ይወጣሉ፤ ድንጋይ ይሸከማሉ፣ እርከን ይሠራሉ። የት ይሠራ የሚለውን ካርታ እያገዘው መጥቷል። ካርታው ከተሳሳተ የሚባክነው የእነሱ ጉልበት ነው። ወደ ታች ደግሞ ግድቦች አሉ። ሱዳን ውስጥ በዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው የሮዛሪስ ግድብ ከመጀመሪያ አቅሙ ሲሶውን ያህል በደለል አጥቷል። አሁን ከእሱ በላይ እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 የተመረቀው የእኛው ሕዳሴ አለ፤ ደለሉም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ቀመሩ ቦረቦርን እንደማይቆጥር፣ ከማሳ የተነሳው አፈርም ሁሉም ወንዝ እንደማይደርስ መታወቅ አለበት። ቢሆንም መነሻው የማሳው ቁጥር ነው።

እናንተ ጋ ያለው ነገር ስልክ ነው። ክረምት ላይ ቤተሰብ ልትጠይቁ ገጠር ስትሄዱ የስልኩን ካሜራ ቦታ መመዝገቢያ አብሩት። ባለማሳውን አስፈቅዱና ማሳውን አንሱት፤ አንዴ ራቅ ብላችሁ፣ አንዴ ቁልቁል መሬቱን። ዛፍ ከሆነ ከሥሩ ያለውን አንሱ። ምን እንደተዘራበት፣ ስንት ጊዜ እንደታረሰ፣ አምና ምን እንደነበረ ጠይቃችሁ ጻፉ። አቅራቢያችሁ ባለ ዩኒቨርሲቲ በካርታ ሥራ ላይ ያለ ተማሪ ወይም መምህር አይጠፋም፤ እንዲህ ያለ ነጥብ ሲያገኝ ደስታውን አይችለውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት የቦታው መረጃ ይጠፋል፤ «ፋይል» በሚለው ላኩት። ጊዜው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቢሆን ይመረጣል። በዚያ ሰሞን ሳተላይቷ ደመና ብቻ ነው የምታየው።